ለእናቴ ዳሌ ፕሌትና ብሎን ይሻላል ወይስ ኔይል? ከመነሻው እስከ 38ኛው መልስ

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰሞኑን አዲስ የሚገቡ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ይጠይቁኛል። ሆስፒታል ውስጥ ለሚያድር አስታማሚ 38ቱንም መልስ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ከባድ ስለሆነ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ላስቀምጥ። የማንንም ቃል አልገለብጥም፤ የምጽፈው የተረዳሁትን ነው።

መነሻው ጽሑፍ። የጻፍኩት ሰኞ ማታ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። እናቴ 76 ዓመቷ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ የኩሽናውን ደፍ ስትሻገር አደናቅፏት በግራ ጎኗ ወደቀች። መነሳት አቃታት፤ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ራጅ ተነሥታ ዳሌዋ ተሰብሯል ተባለ። ሐኪሙ ሁለት መንገድ ነገረን። አንደኛው ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ነው፤ ከጭን አጥንቱ ጎን የሚታሰር ፕሌት፣ ከእሱም ወደ አጥንቱ ራስ የሚዘልቅ ወፍራም ብሎን። ዲኤችኤስ ይሉታል። ሁለተኛው በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የሚገባ ኔይል ነው፤ ከአስመጪ ተገዝቶ መምጣት አለበት፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው። ለማክሰኞ ጠዋት ተራ ተይዞልን ነበር። ሜሪላንድ ያለው ታላቅ ወንድማችን ግን አሜሪካ አሁን የሚሠራው በኔይል ነው፣ ገንዘቡን እልካለሁ፣ አሮጌ ዕቃ አታስገቡባት አለ። ተራውን አስተላለፍነው። እዚህ ገብቼ የጠየቅሁት ውዱ ይሻላል ወይ ብዬ ነው።

ቁጥር 1 እግዜር ይማርልህ ካለችኝ በኋላ ጥያቄዬ ጎዶሎ መሆኑን በትሕትና ነገረችኝ። ዳሌ ተሰበረ ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። የጭን አጥንቱ አንገት ላይ ነው? ከአንገቱ በታች ነው? ወይስ ከዚያም ወረድ ብሎ? ቁጥር 2 የእኔን መልስ ሳይጠብቅ የአክስቱን ታሪክ አመጣ። አክስቱ ወድቀው የተሰበረው የዳሌ ኳስ ወጥቶ በብረት ኳስ ተተክቶላቸው በማግስቱ ቆመዋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ትተህ ዳሌዋን አስቀይርላት አለኝ። ከልቡ ነበር የመከረኝ፤ ምክሩ ግን የሌላ ስብራት ምክር ነበር።

ይህን ያቀናው ቁጥር 3 ነው፤ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) መሆኑን ገልጾ ረዘም አድርጎ ጻፈ። ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ያንብብ እላለሁ። የጭን አጥንት ራስ አብዛኛውን ደም የሚያገኘው ከታች ነው፤ አንገቱን ታክከው ወደ ላይ በሚወጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች። አንገቱ ተሰብሮ ከቦታው ከተንሸራተተ እነዚህ ሥሮች ይበጠሳሉ። ብረት ስብራቱን አጥብቆ ቢይዘውም፣ የአጥንቱ ራስ ከወራት በኋላ ሊሞትና ሊፈርስ ይችላል። ጋርደን የተባለው ሐኪም በ1961 የአንገት ስብራትን በአራት ደረጃ የከፈለው የመንሸራተቱን መጠን አይቶ ነው። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ሰው የተንሸራተተ የአንገት ስብራት ሲያጋጥመው ባብዛኛው መጠገኑ ቀርቶ ይቀየርለታል፤ የቁጥር 2 አክስት ያገኙትም ሕክምና ይኸው ነው። ትሮካንተር በሚባሉት ሁለት ጉብታዎች መካከል ሲሰበር ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አጥንቱ ደም የጠገበ ነው፤ መግጠም አያቅተውም። ብረቱ የሚያስፈልገው እስኪገጥም ድረስ ቅርጹን ጠብቆ እንዲይዝ ነው። የፕሌትና የኔይል ክርክር ያለውም በዚህኛው ስብራት ላይ ነው፤ ስለዚህ ራጁን አንብበህ ንገረን አለኝ።

ቁጥር 4 ላይ ወሬው ዞረ። የጸሐፊው አባት ከአሥር ዓመት በፊት ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ወጌሻ አሽቶና አስሮ፣ ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ። ቢላም ብረትም አላስፈለጋቸውም፤ ሐኪም ቤት የሚፈልገው ገንዘባችሁን ነው አለ። ቁጥር 5 የአጥንት ክፍል ነርስ ናት፤ ቁጣዋን አልደበቀችም። ዘግይተው የሚመጡትን፣ እግራቸው አጥሮ የዞረውን፣ ጀርባቸው በአልጋ ቁስል የተበላውን እናቶችና አባቶች ገላ የምታጥበው እሷ መሆኗን ጻፈች። አንድ ሰው ተረፈ ብሎ የሰው እናት ለዚህ መዳረግ ኃጢአት ነው አለችው። ቁጥር 6 የሰውየው ስድብ ነበር፤ አወያዩ አጥፍቶታል።

ቁጥር 7 ላይ ሬዚደንቱ ተመልሶ ነገሩን አበረደ፤ ይህን ያደረገበት መንገድ ደስ ብሎኛል። የቁጥር 4ን አባት ታሪክ ውሸት ነው አላለም። አንዳንድ የአንገት ስብራት አጥንቱ አጥንት ውስጥ ተሰክቶ ስለሚቀር ሳይንሸራተት ሊገጥም ይችላል፤ ምናልባት የእሳቸው እንደዚያ ነበር። የእጅ አንጓ ሲሆን ከውጭ ማሰር ይቻላል፤ ዳሌ ግን በወፍራም ጡንቻ ተከቦ የሚጎተት ስለሆነ ከውጭ የሚያስረው ጨርቅም ሸምበቆም የለም። ሰውየው ሳምንታት በጀርባው ሲተኛ ሳንባው ይመረቅዛል፣ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፣ ቆዳው ይቆስላል። ሀብታም በሚባሉት አገሮች እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ዓመት ሳይሞላ ያርፋሉ አለ። ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቁጥር 8 የእኔ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ቀዶ ሕክምናው ሊሠራበት ተይዞ በነበረው ሰዓት፣ የራጁን ንባብ ጻፍኩ። በሁለቱ ትሮካንተሮች መካከል የተሰበረ፣ ከትንሹ ጉብታ ትንሽ ቁራጭ የተነሣ፣ የውጭው ግድግዳ ደኅና የሆነ።

ቁጥር 9 ሐኪም አይደለም፤ ቶርኖ ቤት ያለው ባለሙያ ነው። እናቱ ይኸው ብረት ገብቶላቸው ስለነበር ነገሩን በእጁ ሥራ ዐይን አጥንቶታል። የዲኤችኤስ ብልሃት ብሎኑ ላይ ሳይሆን ፕሌቱ ላይ ባለችው አጭር ቱቦ ነው አለ። ብዙ ጊዜ በ135 ዲግሪ ያጋደለች ናት፤ የብሎኑ ጭራ በውስጧ ወደ ኋላ መንሸራተት ይችላል። ታማሚዋ ስትቆም ክብደቷ ብሎኑን ወደ ቱቦዋ ይገፋዋል፤ የተሰበሩት ሁለት ፊቶችም ይጠጋጋሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት ብረቶች ድርቅ ያሉ ነበሩ። አጥንቱ ሲሰምጥ ብረቱ አብሮ ስለማይሰምጥ ጫፉ የአጥንቱን ራስ ወግቶ ወደ ዳሌው ጎድጓዳ ይወጣ ነበር። ጀርመን፣ ኪል ከተማ ኤርንስት ፖል በ1951 የሚንሸራተተውን ብሎን ያመጣው ለዚህ ነው። ኔይልም ቢሆን ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄድ የሚንሸራተት ብሎን አለው፤ ልዩነቱ ዘንጉ ያለበት ቦታ ነው። ጄሪካን ውኃ ደረት ላይ አስጠግቶ መሸከምና ክንድ ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም። ኔይሉ በአጥንቱ ቦይ ውስጥ ሆኖ ክብደቱን ከቅርብ ይቀበላል፤ ፕሌቱ ከውጭ ሆኖ በተዘረጋ ክንድ ይሸከማል። ታዲያ አጥንቱ ራሱ ክብደቱን የሚካፈል ከሆነ ክንዱ አይደክምም አለ። ከብዙ ሐኪም የተሻለ ያስረዳኝ ይህ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት መልሶች በሁለት ሰዎች መካከል ጠብ ሆኑ። ቁጥር 10 ጀርመን አገር የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። እሷ ባለችበት ለዚህ ስብራት የሚደረገው ከሞላ ጎደል ኔይል ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ደም ብዙ አይፈስም፣ ዲኤችኤስ ያለፈ ዘመን ዕቃ ነው አለች። ቁጥር 11 እንግሊዝ ያለ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ያለፈ ዘመን የሚለውን ቃል አልወደደውም። የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ናይስ በ2011 ባወጣው መመሪያ በትንሹ ትሮካንተር ላይና ከእሱ በላይ ለሆነ ስብራት ከኔይል ይልቅ የሚንሸራተተውን ብሎን እንደሚያስቀድም አስታወሰ። ፓርከርና ሃንዶል ጥናቶችን ሰብስቦ ለሚመዝነው ኮክሬን ለተባለ ድርጅት በተከታታይ ባደረጉት ግምገማም ጋማ የሚባሉት ኔይሎች የመጀመሪያዎቹ ጫፋቸው ባረፈበት ቦታ የጭን አጥንቱን ይሰብሩ ነበር አለ። ቁጥር 12 ላይ ነርሷ ተናደደች፤ ያ የድሮው ኔይል ነው፣ የዛሬውን ሳታይ አትፍረድ ብላ ወረደችበት። ሁለቱም ያየውን ተናግሯል፤ ያዩት ግን በተለያየ አገርና በተለያየ ዘመን ነው።

ቁጥር 13 የሬዚደንቱ ሦስተኛ መልስ ነው። ለሁለቱም ከፊል እውነት ሰጣቸው። አዲሶቹ ኔይሎች ቅርጻቸው ተሻሽሎ አጥንት መስበራቸው በጣም ቀንሷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ኢንሳይት በተባለው ጥናት 850 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ለግማሾቹ አዲሱ ጋማ ኔይል፣ ለግማሾቹ የሚንሸራተተው ብሎን ገብቶላቸው፣ ከዓመት በኋላ በኑሯቸው ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። ብረቱን የሚለየው የስብራቱ መስመር ነው አለ። መስመሩ ተገልብጦ ከውስጥ ከላይ ወደ ውጭ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ፣ ያ የሚያጠጋጋው መንሸራተት ሁለቱን አጥንቶች ያለያያቸዋል፤ እዚያ ላይ ዲኤችኤስ ማስገባት ስሕተት ነው፣ ኔይል ያስፈልጋል። ስብራቱ ከትንሹ ትሮካንተር በታች ከሆነም እንዲሁ። የውጭው ግድግዳ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ለብሎኑ ሲበሳ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ብዙ ሐኪሞች ከ20.5 ሚሊሜትር በታች ሲሆን ይጠነቀቃሉ። የእናቴ መስመር ቀጥተኛው ነው፣ ግድግዳዋም ደኅና ነው፤ ለእሳቸው ሁለቱም ይሠራል ብሎ ደመደመ።

ይህ ጉዳዩን መዝጋት ነበረበት። አልዘጋውም። ቁጥር 14 ወንድሜ ነበር። ክሩን አግኝቶ ሜሪላንድ ሆኖ ሲያነብ ቆይቷል። የእናታችንን ሕይወት ለማያውቃቸው ሰዎች አደባባይ አወጣህ ብሎ ቆጣኝ፤ ገንዘቡ የእኔ ነው፣ ሁለቱም እኩል ከሆኑ ለምን አዲሱን አናደርግላትም አለ። ቁጥር 15 እህቴ ናት። ጋሼ እያለች የምትጠራውን ታላቅ ወንድሟን በሰው ፊት ተናግራው አታውቅም። ያን ቀን ግን ሌሊት ሌሊት እናታችንን የምታገላብጠው እሷ እንደሆነች፣ ስትገላበጥ የምትጮኸውን ጩኸት እሱ በስልክ እንዳልሰማው ጻፈችለት። ቁጥር 16 አወያዩ ነው፤ የቤተሰቡን ጉዳይ በቤተሰብ እንድንጨርስ ለመነን።

ቁጥር 17 ከዱባይ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ኔይሉ እዚያ ይገኛል፣ በሚመጣ ሰው ሻንጣ እልክልሃለሁ አለኝ። እኔም ልቀበል ደርሼ ነበር። ቁጥር 18 አዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚያቀርብ ቴክኒሻን ነው፤ እሱ አስቆመኝ። ኔይል ብቻውን ከመጣ ብረት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ ኔይል ብቻ የሚገጥም መያዣና አቅጣጫ መሪ አለው፤ ብሎኖቹ ቆዳ ላይ ሆነው የኔይሉን ቀዳዳ የሚያገኙት በዚያ ነው። የአንዱ መሪ ለሌላው አይሆንም። ረጅሙ ኔይል ደግሞ የቀኝና የግራ አለው፤ ውፍረቱና ርዝመቱም በታማሚው ልክ መመረጥ አለበት። ጠረጴዛ ላይ አጥንቱ ተከፍቶ ልኩ ሳይገጥም የቀረበትን ቀን አይቻለሁ አለ። ሆስፒታሉ የዚያን ኔይል ሙሉ ስብስብ የሚሠራበት ካልሆነ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ራጅ የሚያሳየው ማሽን፣ ሲ-አርሙም፣ በዚያ ቀን የሚሠራ ካልሆነ፣ ዕቃው በሻንጣ መምጣቱ ምንም አይፈይድም።

ሲ-አርም የሚለው ቃል ወሬውን ወደ ሳይን ኔይል ወሰደው። ቁጥር 19 ታዲያ ለምን ያለ ሲ-አርም የሚገባው ነፃው ኔይል አይደረግላትም አለች። ይህ ኔይል በእርግጥ የሚደነቅ ሥራ ነው። ሉዊስ ዘርክል የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1999 ዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ ከተማ ባቋቋመው ድርጅት በኩል የሚመጣ ነው፤ የኔይሉን ቀዳዳ በራጅ ሳይሆን በእጅ ስሜትና በመሪ መሣሪያ ያገኙታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ ስንት የመኪና አደጋ ተጎጂ በዚህ ቆሞ ሄዷል። ቁጥር 20 ግን አረማት፤ የተለመደው ሳይን ኔይል ለጭን አጥንቱ ዘንግና ለቅልጥም ነው። ድርጅቱ ለዳሌ ያዘጋጀው ሌላ ስብስብ አለ፤ ያ ደግሞ ሁሉም ቦታ ላይ የለም፣ የራሱ ልምምድም ይፈልጋል።

ቁጥር 21 ጡረታ የወጡ የአጥንት ሐኪም ናቸው። አጭር ነው የጻፉት፤ እኔ ላይ ግን የሁሉንም ያህል ሠርቷል። ስንት ዓመት ብረት ሲከዳ ያዩት ብረቱ ስለተሰበረ ሳይሆን የብሎኑ ጫፍ ያለቦታው ስላረፈ ነው። ባውምጋርትነርና ባልደረቦቹ በ1995 ያሳተሙትን ልኬት አስረዱ። ብሎኑ ከገባ በኋላ ከፊትና ከጎን በተነሣ ራጅ ላይ፣ ከብሎኑ ጫፍ እስከ አጥንቱ ራስ አናት ያለው ርቀት ይለካና ይደመራል። ድምሩ 25 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች በሆነባቸው ታማሚዎቻቸው ላይ ብሎኑ የአጥንቱን ራስ ቀዶ አልወጣም፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ አደጋው እየጨመረ ሄዷል። ይህ ለፕሌቱም ለኔይሉም አንድ ነው። ስለዚህ ሐኪምህን የትኛው ብረት አዲስ ነው ብለህ አትጠይቀው፣ በየትኛው ነው እጅህ የለመደው ብለህ ጠይቀው አሉኝ። ቁጥር 22 ይህንኑ በመራራ ታሪክ አጸናችው። የአባቷ ብሎን ከሁለት ወር በኋላ የአጥንቱን ራስ ቀዶ ወጥቶ፣ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ዳሌያቸው ተቀይሯል። የገባላቸው ውዱ ኔይል ነበር።

ከቁጥር 23 እስከ 27 ክሩ ተበታተነ። አንዱ ብረቱ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል ወይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይጮኻል ወይ፣ በኋላስ ይወጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት ሰው በዕድሜ ለገፋ ሰው ካልረበሸ አይወጣም፣ ማሽኑ ሊጮኽ ይችላል፣ ኤምአርአይ ሲታዘዝ ብረት መኖሩን ለባለሙያው መንገር ይበቃል አለው። ቁጥር 25 እናቷ ኳሳቸው ሊቀየር የሆነች ሴት ናት፤ ብረቱን የሚያጣብቅ ሲሚንቶ ይግባ ወይስ አይግባ ብላ ጠየቀች። ቁጥር 26 የማደንዘዣ ሐኪም ነው። ሲሚንቶ የሚባለው የቤት ሲሚንቶ ሳይሆን አክሪሊክ መሆኑን፣ ሲገባ የደም ግፊት ድንገት ሊወርድ ስለሚችል እሱ በዚያች ደቂቃ ዐይኑን ከማሽኑ እንደማያነሣ ጻፈ። ይሁን እንጂ እንግሊዝ ውስጥ 1,225 ታማሚዎች ላይ በተደረገውና በ2022 በወጣው ጥናት ሲሚንቶ ያላቸው በአራተኛው ወር የተሻለ ኑሮ ነበራቸው፤ በተተከለው ብረት ዙሪያ አጥንት መሰበሩም 0.5 በመቶ ነው፣ ሲሚንቶ በሌላቸው 2.1 በመቶ። ግማሽ (ኳሱ ብቻ) ይቀየር ወይስ ሙሉ (ጎድጓዳውም ጭምር) ለሚለውም 1,495 ሰዎች የተካተቱበትን ሄልዝ የተባለ ጥናት ጠቀሰ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ዳግም ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 7.9 በመቶ በሙሉው፣ 8.3 በመቶ በግማሹ፣ ያው ነው ማለት ነው። ቁጥር 27 በሞተር ብስክሌት ወድቆ የጭን አጥንቱ አንገት የተሰበረ የ31 ዓመት ወጣት ነው። ገና ወጣት ስለሆነ አልቀየሩለትም፤ ሦስት ቀጫጭን ብሎን ገብቶለት ከዓመት በኋላ የአጥንቱ ራስ ሞቶበታል። የቁጥር 3ን የደም ሥር ማብራሪያ ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብሎ የጻፈውን ሳነብ አዝኛለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው በቋንቋው ሳይነገረው መቅረት የለበትም።

ቁጥር 28 ሐሙስ ከሰዓት ነው። የአጥንት ክፍሏ ነርስ፣ ቁጥር 5 ላይ የተቆጣችው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ እናትህ ተሠርቶላቸዋል ወይ?

አልተሠራላትም። አራተኛ ቀኗ ነበር። እግሯ ላይ ክብደት ታስሮ እየጎተተ፣ እኛ ኔይል እያፈላለግን ነበር። ማታ ማታ መቃዠት ጀምራ ነበር፤ የሞተውን አባቴን ትጠራለች። ይህን ስጽፍም እጄ ይከብደኛል፤ ተራውን ያስተላለፍነው እኛ ነን፣ የከለከለን ማንም አልነበረም።

ቁጥር 29 ሊያጽናናኝ ፈልጎ ሂፕ አታክ የተባለውን ጥናት አመጣ። 2,970 ታማሚዎች ስብራታቸው ከታወቀ በኋላ ግማሾቹ በ6 ሰዓት፣ ግማሾቹ በ24 ሰዓት አካባቢ ተሠርቶላቸው የሞት መጠኑ 9 እና 10 በመቶ ሆነ፤ ስለዚህ መቸኮል ለውጥ የለውም አለ። ሬዚደንቱ ቁጥር 30 ላይ በዚህ ክር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። ያ ጥናት ያወዳደረው ስድስት ሰዓትን ከአንድ ቀን ጋር ነው፤ አንድ ቀንን ከአምስት ቀን ጋር አይደለም። በዚያም ጥናት ቢሆን ቶሎ የተሠራላቸው ግራ መጋባታቸው ያነሰ፣ ቶሎም የተነሡ ነበሩ። ቁጥር 11 የጠቀሰው የእንግሊዝ መመሪያ ራሱ በገቡበት ቀን ወይም በማግስቱ ይሠራላቸው ይላል። በብረቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ከስንት ሺህ ሰው ተፈልጎ የጠፋ ነው፤ የመዘግየቱ ጉዳት ግን አልጋዋ ላይ ይታያል አለኝ።

መልሱን ለወንድሜ ላክሁለት። ደወለ፤ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ እሺ አለ።

ቁጥር 31 የእኔ ነው። ዓርብ ጠዋት፣ በአምስተኛው ቀን፣ በዲኤችኤስ ተሠራላት። ጡረታ የወጡት ሐኪም እንደመከሩኝ ቀዶ ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ በየሳምንቱ የሚሠራው ይህንን እንደሆነ ነገረኝ። ማደንዘዣው ከወገብ በታች ብቻ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተነሣውን ራጅ አሳየኝና 25 የሚለውን ቁጥር ስነግረው በመገረም አየኝ፣ ከዚያ አብረን ለካን፤ 19 ሆነ። ቅዳሜ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እሑድ በዎከር ሁለት እርምጃ ሄደች። ማታ የአባቴን ስም መጥራት ያቆመችው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአራተኛው ሌሊት ነው።

ቁጥር 32 ያነሣችው ነገር እስካሁን ማንም ያላሰበው ነበር። የእናቴ አጥንት ከቆመችበት ወድቃ የተሰበረው ስለሳሳ ነው፤ ሁለተኛውም ዳሌ ያው አጥንት ነው። በ2007 በወጣው ሆራይዘን ጥናት የዳሌ ስብራታቸው በተሠራ በ90 ቀን ውስጥ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠውን ዞሌድሮኒክ አሲድ የጀመሩ ታማሚዎች አዲስ ስብራት የደረሰባቸው በ35 በመቶ ባነሰ መጠን ነበር፤ በጥናቱ 2,127 ሰዎች ነበሩ። ኩላሊቷና ካልሲየሟ መጀመሪያ እንዲታይ አሳሰበች። ቁጥር 33 ወንድሜ ነው፤ ለኔይሉ የያዘውን ገንዘብ ለመድኃኒቱና ለፊዚዮቴራፒው ላከ፤ እህቴንም እዚያው በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቃት። እኔ አናጢ ጠርቼ የኩሽናውን ደፍ አስነቀልኩ።

ቁጥር 34 የስድስተኛ ሳምንት ዜና ነው። ብሎኑ በቱቦዋ ውስጥ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ተንሸራቷል፤ የቶርኖ ባለሙያው እንዳለው አጥንቱ ተጠጋግቶ እየገጠመ ነው። ግራ እግሯ ትንሽ አጥሯል። ጫማ ሰፊው የግራ ጫማዋን ሶል ከፍ አድርጎላታል፤ አሁን በከዘራ እስከ ግቢው በር ትሄዳለች።

ቁጥር 35 ትናንት የገባ ሰው ነው። አባቱ ባሕር ዳር ወድቀዋል፤ ስብራቱ ከትንሹ ትሮካንተር በታች ነው። የእኔን ታሪክ አንብቦ እሱም ዲኤችኤስ ይበቃል ብሎ ሊወስን ነበር። ቁጥር 36 ላይ ሬዚደንቱ፣ ቁጥር 37 ላይ የጀርመኗ ነርስ፣ ቁጥር 38 ላይ የእንግሊዙ ፊዚዮቴራፒስት ተከታትለው መለሱለት፤ ሦስቱ በአንድ ቃል የተስማሙት ያን ጊዜ ነው። ለዚያ ስብራት ረጅም ኔይል ነው፤ የዚህን ቤት እናት ፕሌት አርአያ አታድርግ አሉት። ሆስፒታሉ ኔይሉ ከነሙሉ ስብስቡ አለው፤ ለነገ ጠዋት ተራ ተይዞላቸዋል። አጎቱ ወደ አዲስ አበባ እናምጣቸው ይላል። ተራውን እንዳያስተላልፍ ለብቻው ጽፌለታለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።